ብር ቅብ ትሪ

በቢቸናና በሞጣ ሁለት ዓይነት ብር አለ። አንዱ አንጥረኛ ጠገራ ብር አቅልጦ የሠራው የአንገት መስቀል ነው። ጠገራው፣ ማለትም ማርትሬዛ፣ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከመቶ 83 እጁ ንጹሕ ብር ነው። መስቀሉን ቢፍቁት ከሥሩም የሚወጣው ያው ብር ነው። ሌላው ለሠርግ የተበረከተ ወይም ዘመድ ከውጭ የላከው፣ ከቡፌ የሚወጣው ለዓመት በዓል ብቻ የሆነ ትሪ ነው። እሱ ብር ቅብ ነው።

ከጀርባው ኢ.ፒ.ኤን.ኤስ. የሚሉ አራት የላቲን ፊደላት ከታተሙበት ውስጡ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ብሩ በኤሌክትሪክ ላዩ ላይ ተለብጧል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1840 በፓተንት ያስመዘገቡት የበርሚንግሃሞቹ ኤልኪንግተኖች ናቸው። ቅቡ በጥሩ ዕቃ ላይ እንኳ ከጠጉር የሳሳ ነው። ታዲያ ትሪው ሲጠቁር ድስት እንደሚፈገፈገው በአመድና በአሸዋ ሲያሹት ጥቁረቱ ከነብሩ ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚመክረው የጥርስ ሳሙናም ያው ፋቂ ነው፤ ባይነካው ይሻላል።

ጥቁረቱ እድፍ አይደለም፤ ብር ከድኝ ጋር ሲዋሐድ የሚፈጠር ስስ ሽፋን ነው። ድኙ ከእንቁላል፣ ከሽንኩርት፣ ከጭስም ይመጣል። የፋሲካ ዶሮ ከነእንቁላሉ የቀረበበት ትሪ በማግስቱ ቢጠይም ምን ይገርማል?

መድኃኒቱ ማጀት ውስጥ አለ። ሳፋ ላይ አልሙኒየም ፎይል ማንጠፍ፣ ትሪውን ፎይሉን እንዲነካ አድርጎ ማስተኛት፣ ለአንድ ሊትር የፈላ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ ማፍሰስ። ቤኪንግ ፓውደር አላልኩም፤ ይህን የምለው ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ስለሚደረደሩ እንዳይምታቱ ነው። ወዲያው የገማ እንቁላል ሽታ ይሸታል፣ ፎይሉም ይጠቁራል፤ ድኙ ብሩን ለቆ ወደ አልሙኒየሙ እየሄደ ነው። ብሩ እዚያው ትሪው ላይ ይቀራል። እጀታው በሙጫ የተጣበቀ ወይም የጌጡ ስንጥቅ ሆን ተብሎ የጠቆረ ዕቃ ግን አይነከርም፤ ሙጫው ይለቃል፣ ጌጡም ይጠፋል።

ሌላ ጊዜ ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይበቃዋል፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ማድረቅ ነው። ጨው ስለሚበላው ምግብ አይደርበት። ለማስቀመጥ የታጠበ አሮጌ ነጠላ ተስማሚ ነው። በሞጣ ብርድ የሚለበሰው በርኖስ ግን የበግ ጠጉር ነው፣ ጠጉር ደግሞ ድኝ አለበት፤ ትሪና በርኖስ አንድ ሣጥን ውስጥ አይደሩ።

ጠርዙ ላይ ቀይ ወይም ቢጫ ብቅ ካለ ቅቡ አልቋል፤ እንደገና በብር ካልተለበጠ በቀር አይመለስም። እስከዚያው ብርጭቆ ይቅረብበት እንጂ ሎሚ የነካው ምግብ በቀጥታ አይቀመጥበት።