የማሪዮን ሸሚዝ ሰማያዊ ማድረግ ለምን ያስቸግራል?

«ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» በ1985 እ.ኤ.አ. ፋሚኮም ለተባለው የኒንቴንዶ የጌም ማሽን ሲወጣ፣ የጌሙ ንድፍ አውጪ ሺገሩ ሚያሞቶ በሣለው የካርቶን ሽፋን ላይ ማሪዮ ቀይ ቱታና ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ጌሙን ሲከፍቱት ግን ቱታው ቀይ ቢሆንም ሸሚዙ ወደ ወይራ የሚያደላ ቡናማ ነው። ይህን ልዩነት አጥፍተው ጌሙን ከሥዕሉ ጋር ማመሳሰል የሚፈልጉ አድናቂዎች አሉ። ሥራው ይቻላል። «ቡናማውን በሰማያዊ መተካት ነው፣ አለቀ» ብሎ የሚጀምር ሰው ግን ቶሎ ችግር ይገጥመዋል።

መጀመሪያ ስፕራይት ምን እንደሆነ እንይ። ከጀርባው ካለው ገጽታ ተለይቶ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ሥዕል ማለት ነው፤ ማሪዮም ጠላቶቹም ስፕራይት ናቸው። ሥዕሉ የተሠራው ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ነው።

እነዚህ ነጥቦች በጌሙ ፋይል ውስጥ ቀለም የላቸውም። እያንዳንዱ ነጥብ የያዘው ከ0 እስከ 3 ያለ ቁጥር ብቻ ነው። 0 ማለት «ምንም አትቀባ፣ ከኋላ ያለው ይታይ» ማለት ነው። የቀሩት ሦስቱ ቀለማቸውን የሚያገኙት ፓሌት ከተባለ አጭር የቀለም ዝርዝር ነው።

የማሪዮ ዝርዝር ለ1፣ ለ2 እና ለ3 በቅደም ተከተል 16፣ 27፣ 18 ይላል። እነዚህ የማሽኑ የቀለም መለያዎች ናቸው። 16 ቀይ ነው፤ ኮፍያውና ቱታው ላይ ይውላል። 27 የቆዳው ቀለም ነው። 18 ደግሞ ያ ቡናማ ሲሆን፣ ሸሚዙን ብቻ ሳይሆን ፀጉሩን፣ ሪዙን፣ ዓይኑንና ጫማውን ጭምር ይቀባል። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ፓሌቱን መቀየር ምን ያህል ከባድ ነው? በጣም ቀላል ነው። የፋይሉን ይዘት በቁጥር የሚያሳይ ሄክስ ኤዲተር የተባለ ፕሮግራም ይከፍቱና 22 16 27 18 የሚለውን ተከታታይ ይፈልጋሉ። 22 የሰማዩ ቀለም ስለሆነ አይንኩት። ተከታታዩ ከአንድ ቦታ በላይ ስለሚገኝ በሁሉም ላይ 18ን በ12 ይተኩ። 12 ሰማያዊ ነው።

አሁን ሸሚዙ ሰማያዊ ሆነ፤ ሪዙም እንዲሁ! ጌሙ ራሱ ይህን እንደሚያደርግ ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ማሪዮ የእሳት አበባዋን ሲወስድ ፓሌቱ 37፣ 27፣ 16 ይሆናል፤ ያን ጊዜ ሸሚዙም ሪዙም አብረው ይቀላሉ። የማሪዮ ወንድም ሉዊጂም ቢሆን ሌላ ሥዕል የለውም። የማሪዮ ሥዕል 30፣ 27፣ 19 ተሰጥቶት ነጭ ቱታና አረንጓዴ ሸሚዝ ለበሰ፤ ፀጉሩም አረንጓዴ ነው።

መፍትሔ አለው ወይ? አለው፤ ግን ሁሉም የሚያስከፍሉት ነገር አለ። የመጀመሪያው በ12 ፈንታ ጠቆር ያለውን ሰማያዊ፣ 02ን ወይም 01ን መምረጥ ነው። ሸሚዙ ከሽፋኑ ይጠቁራል፤ ሪዙ ግን ወደ ጥቁር ይጠጋል። ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ሥራ ነው። እኔን ከጠየቁኝ ይህንን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ሥዕሉን መንካት ነው። የፀጉሩንና የሪዙን ነጥቦች ከ3 ወደ 1 ቀይረው ከኮፍያው ጋር ቀይ ያደርጓቸዋል። ለዚህ የሥዕሉን ቁርጥራጮች የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም አለ። ይሁን እንጂ ማሪዮ ሲቆም፣ ሲሮጥ፣ ሲዘልና ሲዋኝ፣ ትንሽም ትልቅም ሆኖ ስለተሣለ እያንዳንዱን መልክ ማስተካከል ይኖርብዎታል። በተጨማሪም ሥዕሉ የሉዊጂም ስለሆነና የእሱ ቁጥር 1 ነጭ ስለሆነ፣ ወንድምየው ሽበታም ሽማግሌ ሆኖ ይመጣል።

ሦስተኛው መንገድ ፀጉሩንና ሪዙን ሌላ ፓሌት ባለው ሁለተኛ ስፕራይት ላይ ሥሎ ፊቱ ላይ መደረብ ነው። በ1987 የወጣው «ሜጋ ማን» የጀግናውን ፊት የሚሠራው እንዲህ ነው። ማሽኑ ግን በአንድ አግድም መስመር ላይ ከ8 በላይ የስፕራይት ቁራጭ መሣል አይችልም። ማሪዮ ብቻውን 2 ይወስዳል፤ ሲደረብበት እስከ 4 ይደርሳል። ጠላት ሲበዛ ከመስመሩ የተረፈው አይታይም። ፋይሉም ጠባብ ነው፤ ለፕሮግራሙ 32፣ ለሥዕሉ 8፣ በድምሩ 40 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ስለሆነ አዲስ ትእዛዝ የሚያስገቡበት ቦታ በብርቱ ፍለጋ ነው የሚገኘው። የማሽኑን የፕሮግራም ቋንቋ ለማያውቅ ሰው አልመክረውም።

ለተደረበው ስፕራይት ፓሌቱስ ከየት ይመጣል? ለስፕራይት ያለው ፓሌት 4 ብቻ ነው፤ ሁሉም ተይዘዋል። ጉምባ ከሚባሉት ጠላቶች ቡናማውን መዋስ ይችላሉ። ሜዳ ላይ ያምራል። ወደ ምድር ውስጥ ሲገቡ ግን ጌሙ የጉምባዎቹን ፓሌት ወደ ሰማያዊ ስለሚቀይር የማሪዮ ሪዝ አብሯቸው ሰማያዊ ይሆናል።

«ከሽፋኑ ጋር አንድ ዓይነት የሆነው ሰማያዊ የትኛው ነው?» ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። ቁርጥ ያለ መልስ የለውም። ማሽኑ ያለው 50 እና ጥቂት ቀለም ነው፤ ያንኑ ቀለም አንዱ ቴሌቪዥን ከሌላው ለይቶ ያሳየዋል። አሮጌ ካርቶንም ይደበዝዛል። ስለዚህ የሥዕሉን ፎቶ አጠገብ አድርገው በዓይንዎ የሚቀርበውን ይምረጡ።

ገንዘብን በተመለከተ፣ አስፈላጊዎቹ ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ። ጌሙን ኮምፒውተር ላይ የሚያጫውተው ኢሙሌተርም እንደዚያው። ጌሙ ግን የኒንቴንዶ ንብረት ስለሆነ የቀየሩትን ሙሉ ፋይል ለሰው ማደል የቅጂ መብትን ይጥሳል። አድናቂዎች የሚለዋወጡት ፓች የሚባለውን፣ የተቀየሩትን ባይቶች ብቻ የያዘ ትንሽ ፋይል ነው፤ ተቀባዩ በራሱ ቅጂ ላይ ይጭነዋል። ከመላክዎ በፊት የእሳት አበባዋን ወስደው፣ በሉዊጂ ተጫውተውና ምድር ውስጥ ገብተው ይሞክሩት።