ፌስታል ሲከለከል የዘንቢል ተራ ደረሰ

በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513/1999 ያገደው ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠውንና የማይበሰብሰውን ፌስታል ብቻ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ግን የፕላስቲክ ከረጢትን ማምረትም፣ መሸጥም፣ መጠቀምም ከልክሏል።

ፌስታል ላከማቸ ነጋዴ ኪሳራ የሆነው ሕግ ለስፌት ሠራተኞች ገበያ ከፍቷል። ከዘንባባ ቅጠል የተሠራ ዘንቢል በዋጋ ከፌስታል ቢበልጥም ደጋግሞ ያገለግላል። ለስጦታ አገልግል ወይም የሐረር ስፌት የመረጠም ማሸጊያ አይገዛም፤ ዕቃው ራሱ ስጦታ ነው። ገዢ ግን አይቶ ይግዛ፤ ከፕላስቲክ የተሠራ ዘንቢልም ገበያ ላይ አለ፤ ቢበረክትም ሲጣል አይበሰብስም።

የእጅ ሥራ እንደ ፌስታል በአንድ ቀን በሺህ አይመረትም። ለበዓል ገበያ የሚያስብ ነጋዴ ቀብድ ከፍሎ ከወዲሁ ማዘዝ ይኖርበታል።