አቀንጭራ፦ አበባው የሚያምር የማሽላ ሌባ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በቆላውና በወይና ደጋው የማሽላ ማሳ ውስጥ ሐምራዊ አበባ ይዞ ብቅ የሚል አረም አለ። ላላወቀው ሰው ለዓይን ያማረ የሜዳ አበባ ነው። ለማሽላ ገበሬ ግን ከድርቅና ከተምች ተለይቶ የማይታይ ጠላቱ ነው። ይህ አረም በአማርኛ አቀንጭራ ይባላል። በወሎ፣ በትግራይ፣ በመተከልና በሐረርጌ የሚገኙ ማሽላ አብቃይ ገበሬዎች ስሙን ብቻ ሳይሆን በጎተራቸው ላይ ያደረሰውን ጉድለትም ጠንቅቀው ያውቁታል።

አቀንጭራ ከሌላው አረም የሚለይበት ዋነኛ ጠባይ አለው። ሌላው አረም ከሰብሉ ጋር ለቦታ፣ ለውሃና ለፀሐይ ብርሃን ይሻማል። አቀንጭራ ግን ሥሩን በሰብሉ ሥር ላይ ተክሎ ውሃውንና ምግቡን በቀጥታ ይመጠምጣል። የራሱ አረንጓዴ ቅጠል ስላለው ጥቂት ምግብ ለራሱ ማዘጋጀት ይችላል። ስለዚህም ሊቃውንት ከፊል ጥገኛ ይሉታል። ይሁን እንጂ ቡቃያው የሚጣበቅበት ሥር ካላገኘ በቀናት ውስጥ ይሞታል።

ይህን ጠባይ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ በቅሎ የሚታየው ተቀጽላ የዚሁ ዓይነት ኑሮ የሚኖር ተክል ነው። ልዩነቱ ተቀጽላ ስርቆቱን ከላይ፣ በሰው ዓይን ፊት ሲፈጽም፣ አቀንጭራ ከአፈር በታች ተደብቆ መፈጸሙ ነው። በአዲስ አበባ ደቡብ የሚገኘው የንፋስ ስልክ ላፍቶ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው በመሆኑ የማሽላ አገር አይደለም። ሙቀት ወዳዱ አቀንጭራም በዚያ አስጊ አይሆንም። ነገር ግን የከተማው ነዋሪ ለእንጀራና ለጠላ የሚገዛው ማሽላ ከቆላው የሚመጣ ስለሆነ፣ በገበሬው ማሳ የደረሰው ጉዳት በከተማው ገበያም መሰማቱ አይቀርም።

ከሣር ሜዳ ወደ እርሻ

ሐምራዊ አበባ ያለው የአቀንጭራ ዝርያ የተገኘው በሰሜን ተራሮቻችንና በሱዳን የኑብያ ኮረብታዎች መካከል ባለው ምድር እንደሆነ ይታመናል። ማሽላም ከዱር ሣርነት ወጥቶ ሰብል የሆነው በዚሁ አካባቢ ነው። ስለሆነም ሌባውና የሚሰረቀው የአንድ አገር ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። በጥንቱ የሣር ሜዳ አቀንጭራ ከዱር ሣሮች ሥር ጥቂት በጥቂት እየተቀለበ የሚኖር፣ እዚህም እዚያም ተበትኖ የሚታይ አበባ ነበር።

አባቶች መሬታቸውን ለጥቂት ዓመታት እያሳደሩና ሰብል እያፈራረቁ ያርሱ በነበረበት ጊዜም ችግሩ ይህን ያህል የከፋ አልነበረም። መሬት ሲጠብ፣ ማሳው ዕረፍት ሲያጣ፣ በአንድ መሬት ላይ በየዓመቱ ማሽላ ብቻ ሲዘራና አፈሩ ሲሟጠጥ ግን አቀንጭራ ከሜዳ አበባነት ወደ መቅሠፍትነት ተለወጠ። ዛሬ ከማሽላ ሌላ በቆሎን፣ ዳጉሳን፣ ቡልቱግንና ሸንኮራ አገዳን ያጠቃል።

ከመሬት በታች የሚፈጸም ስርቆት

የአቀንጭራ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ነው። የጤፍ ፍሬ እንኳ ከጎኑ ሲታይ ትልቅ ነው። በእጅ ሲዳሰስ ጥቁር ዱቄት ይመስላል። አንድ ተክል ከ50,000 እስከ 200,000 የሚደርስ ፍሬ ሊሰጥ ይችላል። ፍሬውም በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይበሰብስ ይቆያል። በማሳው ውስጥ 10 ተክሎች ብቻ ሳይነቀሉ ቢቀሩ ቢያንስ ግማሽ ሚሊዮን ፍሬ ለመጪዎቹ ዓመታት ተዘራ ማለት ነው።

ይህ ፍሬ እንደ ሌላው ዘር ዝናብ ስላገኘ ብቻ አይበቅልም። አፈሩ ከረጠበና ከሞቀ በኋላ የሰብሉን ሥር ጠረን ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1966 ተመራማሪዎች ከጥጥ ሥር ውስጥ ይህን ፍሬ የሚቀሰቅሰውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ሰብሉ ለገዛ ሌባው ምልክት የሚሰጠው ለምንድነው? የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ዓመታት መልስ አላገኘም ነበር። መልሱ እ.ኤ.አ. በ2005 ተገኘ። ተክሉ ይህን ንጥረ ነገር በሥሩ የሚረጨው በአፈር ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ፈንገሶች ለእርዳታ ለመጥራት ነው። ፈንገሶቹ ከሥሩ ጋር ተወዳጅተው ፎስፈረስ የተባለውን ምግብ ያቀብሉታል። አቀንጭራ ይህንኑ የእርዳታ ጥሪ አዳምጦ ይነሣል።

ከዚህ ለገበሬው የሚጠቅም ትልቅ ትምህርት ይገኛል። አፈሩ በደኸየ ቁጥር ሰብሉ ጥሪውን ያበዛል፤ ጥሪው በበዛ ቁጥር የሚነሣው አቀንጭራ ይበዛል። በተሟጠጠ መሬት ላይ አረሙ የሚበረታበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ፍግ፣ ብስባሽና ማዳበሪያ ያገኘ ማሳ ሰብሉ ከመጠንከሩም ሌላ ለአረሙ የሚሰጠው ምልክት ይቀንሳል።

የበቀለው አቀንጭራ ሥሩ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚረዝም የሰብሉ ሥር በጣም ቅርብ መሆን አለበት። ካገኘው ይጣበቅበታል። ከዚያም ለበርካታ ሳምንታት ከአፈር በታች ሆኖ ይመጠምጣል። በዚህ ጊዜ ማሽላው ይቀጭጫል፤ አፈሩ ርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ዳርዳሩም የተቃጠለ ይመስላል። ገበሬው ዝናብ አነሰ ወይም በሽታ ገባ ብሎ ያስባል። አረሙ ከመሬት በላይ ብቅ ሲል አብዛኛው ጉዳት ተፈጽሞ አድሯል። አቀንጭራን መንቀል ለዘንድሮው ሰብል ብዙም አይጠቅምም የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ሆኖም ለሚቀጥሉት ዓመታት ሰብል ያለው ጥቅም ከፍተኛ ስለሆነ ከቶ ሊተው አይገባም።

አቀንጭራን የሚቋቋም ዘር

በዚህ አረም ላይ ከተደረጉት ጥናቶች ሁሉ ጎልቶ የሚጠቀሰው የኢትዮጵያዊው ተወላጅ የፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ሥራ ነው። በምዕራብ ሸዋ በወለንኮሚ አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤትና በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተምረው በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የማሽላ ዘር ማሻሻል ጥናት አካሄዱ። ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር የአቀንጭራን ፍሬ የሚቀሰቅሰውን ንጥረ ነገር በጥቂቱ ብቻ የሚያመነጩ የማሽላ ዓይነቶችን ለይተው፣ ይህን ጠባይ ጥሩ ምርት ከሚሰጡ ዝርያዎች ጋር አዳቀሉ። እ.ኤ.አ. በ1994 ስምንት ቶን ያህል ዘር ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተከፋፈለ። ጎብዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት ዝርያዎችም በአገራችን ለገበሬው ቀረቡ። ፕሮፌሰሩ በ2002 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል።

ዘሩ ብቻውን ግን ችግሩን አልፈታም። ገበሬው የማሽላን ጥቅም በፍሬው ብቻ አይለካም። አገዳው የከብት መኖ፣ የማገዶና የቤት መሥሪያ ነው። አዳዲሶቹ ዝርያዎች አጫጭር በመሆናቸው አገዳቸው ያንሳል፤ ቶሎ ስለሚደርሱም የአካባቢው ማሽላ ገና ሳያፈራ ወፍ ይረባረብባቸዋል። በዚህ ምክንያት ዘሩን ሞክረው ወደ ነባሩ ረጅም ማሽላ የተመለሱ ገበሬዎች አሉ። ይህ ቅሬታ እንደ ስንፍና ሊቆጠር አይገባም። መፍትሔው ዝናቡ በዘገየበት ዓመትና አረሙ በከፋበት ማሳ ላይ ተቋቋሚውን ዘር መዝራት፣ በቀረው መሬት ላይ ነባሩን መያዝና ተቋቋሚውን ዘር ጎረቤቶች በአንድ ኩታ ገጠም መሬት ላይ በአንድ ጊዜ ዘርተው ወፉን በጋራ መጠበቅ ነው።

የእርሻ ተመራማሪዎች ያገኙት ሌላው ውጤት ተቋቋሚው ዘር ከማዳበሪያና ከውሃ ማቆሪያ ቦይ ጋር ሲጣመር ከብቻው ይልቅ እጅግ የተሻለ መሆኑ ነው። ቦዩ በየመካከሉ በአፈር ታስሮ የዝናቡን ውሃ በማሳው ውስጥ እንዲያስቀር ይደረጋል።

በማሳ ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ

በገበሬው እጅ ያሉት ዘዴዎች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ሰብል ማፈራረቅ ነው። ጥጥ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ አኩሪ አተርና የመሳሰሉት ሰብሎች የአቀንጭራን ፍሬ ያስነሡታል፤ ነገር ግን አይቀልቡትም። የተነሣው ቡቃያ የሚጣበቅበት አጥቶ ይሞታል። ፍሬው በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሚቆይ ግን የአንድ ዓመት ፍርርቅ በቂ አይደለም። መሬት ጠቦት ማፈራረቅ ያልቻለ ገበሬ እነዚህን ሰብሎች ከማሽላው መስመር መካከል ሊዘራ ይችላል።

ሁለተኛ፣ አበባው ሳይከፈት መንቀል ነው። አብቦ የተነቀለ አቀንጭራ በድንበር ላይ ቢጣል ፍሬው እዚያው ሊበስል ይችላል። ስለዚህ ከማሳው አውጥቶ ማቃጠል ያስፈልጋል። ፍሬው በከብት ሆድ ውስጥ አልፎ በእበት ሊወጣ ስለሚችል ለከብት መስጠት አይገባም። ፍግም ወደ ማሳ ከመበተኑ በፊት በጉድጓድ ውስጥ በሚገባ መብላላት አለበት።

ሦስተኛ፣ ዘርን መጠበቅ ነው። አቀንጭራ ካለበት ማሳ የተወቃ ማሽላ ለዘር አይመረጥ። ከተጠቃ ማሳ የወጣ ማረሻ፣ ዶማና የበሬ ኮቴ ጭቃው ሳይራገፍ ወደ ንጹሕ ማሳ አይግባ።

አራተኛ፣ ዴስሞዲየም የተባለውን የመኖ ተክል በበቆሎና በማሽላ መካከል መትከል ነው። ይህ ዘዴ በኬንያ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ተፈትኖ ወደ አገራችንም ገብቷል። የዴስሞዲየም ሥር የአቀንጭራን ፍሬ አስነሥቶ እንዳይጣበቅ ያግደዋል። ከዚህም ሌላ ለአፈሩ ናይትሮጅን፣ ለከብቱም ጥሩ መኖ ያስገኛል።

ለምን የማኅበር ሥራ ሆነ?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበራት ቢያንስ በ20 ጋሻ፣ ማለትም በ800 ሄክታር መሬት ላይ እንዲቋቋሙ ደንግጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ይሁንና ለአቀንጭራ ዘመቻ የሚያስፈልገው ስፋት ዛሬም ቢሆን የአንድ ማኅበር እንጂ የአንድ ሰው ማሳ አይደለም። ደቃቁ ፍሬ በነፋስ፣ በጎርፍ፣ በከብት ኮቴና በዘር ልውውጥ ይዛመታል። አንዱ ገበሬ ማሳውን አጽድቶ ላይኛው ጎረቤቱ ቢተወው ጎርፉ በአንድ ክረምት ልፋቱን ከንቱ ያደርገዋል።

በአሜሪካ በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና የአቀንጭራ ዘመድ የሆነ ቀይ አበባ ያለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሲገኝ፣ ከ170,000 ሄክታር በላይ የሆነ መሬት ተጠቅቶ ነበር። የዚያ አገር መንግሥት ማሳዎቹን በኳራንቲን አጥሮ፣ ፍሬውን ያለ ጊዜው የሚያስነሣ ጋዝ በአፈር ውስጥ እየነፋ፣ ከአሥርተ ዓመታት ዘመቻ በኋላ የተጠቃውን መሬት በጣም ጥቂት ወደ ሆነ ስፋት አወረደው። የእኛ ገበሬ ጋዙን የሚገዛበት አቅም የለውም። ከዚያ ዘመቻ ሊወስደው የሚችለው ግን የተጠቃውን ማሳ ሁሉ መመዝገብን፣ ማንንም አለመዝለልንና ለዓመታት አለማቋረጥን ነው።

እንግዲህ የማኅበር መሪዎች ከዘር ወቅት በፊት አባላትን ሰብስበው የተጠቁትን ማሳዎች በየጎጡ መለየት፣ የነቀላውን ሳምንት በስብሰባ መወሰንና በውስጠ ደንብ ማጽናት ይገባቸዋል። ነቀላው የሚውለው የጉልበት እጥረት በሚበረታበት ወቅት በመሆኑ ጉልበት ላነሳቸው አረጋውያን፣ ሴት አባወራዎችና ሕሙማን ማሳ በደቦ መድረስ የግድ ነው። የእነዚህ ሰዎች ማሳ ከተዘነጋ አረሙ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሁሉም ይመለሳል። የተቋቋሚ ዘርና የማዳበሪያ ፍላጎትንም ለልማት ጣቢያ ሠራተኛውና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በጊዜው ማሳወቅ አለባቸው።

በመጀመሪያው ዓመት የሚታየው ለውጥ ጥቂት ስለሆነ አባላት ተስፋ ሊቆርጡ ይችላሉ። የመሪው ትልቁ ሥራ በዚያን ጊዜ ይጀምራል። በአፈር ውስጥ የተከማቸው ፍሬ የብዙ ዓመታት ዕዳ በመሆኑ የሚከፈለውም በዓመታት ነው። አዲስ ፍሬ እንዳይጨመርበት የተደረገ ማሳ ግን በየክረምቱ ዕዳው ይቀልለታል።