በደቂቃ የሚከፈለው አስተርጓሚ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ በስልክ ማስተርጎም የብዙ ሐበሾች የግል ሥራ ነው። ነርሷ ወይም የመንግሥት ቢሮ ሠራተኛው ይደውላል፤ ኤጀንሲው መስመሩን ያገናኛል፤ አስተርጓሚው በአማርኛና በእንግሊዝኛ መካከል ይመላለሳል፤ ክፍያው በደቂቃ ይታሰባል። ገበያውን የፈጠረው በአመዛኙ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ተቋማት በትውልድ አገር አድልዎ እንዳይፈጽሙ ያዛል። ዲሲም በ2004 የራሷን የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታለች። በማርች 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን ይፋዊ ቋንቋ ሲያደርጉ ክሊንተን በ2000 ስለቋንቋ አገልግሎት የፈረሙትን ትዕዛዝ ሰርዘዋል። የ1964ቱ ሕግ ግን ኮንግረስ ያወጣው በመሆኑ በፕሬዚዳንት ፊርማ የሚሻር አይደለም።

ለሥራው የሚያስፈልገው ስልክ፣ ማዳመጫና አስተማማኝ ኢንተርኔት ነው። ስለዚህ የበዓል ትኬት ዋጋ መጠያየቅ ሲጀመር አንድ ሐሳብ አብሮ ይነሳል፦ «ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት ገብቼ፣ እዚያው ሆኜ እየሠራሁ ወጪዬን ብሸፍንስ?» ሐሳቡ ሞኝነት የለበትም። ሒሳቡ የሚሰናከለው ግን ብዙ ሰው በማይጠብቀው ቦታ ነው።

ክፍያው በደቂቃ 60 ሳንቲም ነው እንበል። በሰዓት 36 ዶላር ይመስላል። ነገር ግን ስልኩ ስድሳውን ደቂቃ አይጮህም። በአንድ ሰዓት ውስጥ 25 ደቂቃ ብቻ ቢያስተረጉም የሚያገኘው 15 ዶላር ነው፤ የዲሲ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ ደግሞ በጁላይ 2025 ወደ 17 ዶላር ከ95 ሳንቲም ከፍ ብሏል። ያችን ወለል ለመንካት እንኳ የየሰዓቱ ግማሽ በንግግር መሞላት አለበት። ከዚያ የግል ሠራተኛ በመሆኑ አሠሪ ይከፍልለት የነበረውን ድርሻ ጨምሮ 15.3 በመቶ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ ራሱ ይችላል። ኤጀንሲው የሚገዛው የንግግሩን ደቂቃ ብቻ ነው፤ የመጠበቂያውን ጊዜ ወጪ የሚሸከመው አስተርጓሚው ነው። በሕክምናው ዘርፍ ስፓኒሽ ተናጋሪው ችሎታው በቋንቋው ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ሲያገኝ፣ ትልልቆቹ ብሔራዊ ፈተናዎች በአማርኛ የቃል ፈተና የላቸውም፤ ይህም ዋጋ ለመደራደር አይረዳም።

አዲስ አበባ ላይ ግን ያችው 15 ዶላር ሌላ ገንዘብ ናት። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በዶላር እያገኙ በብር የሚኖሩ ሰዎች ያተረፉት ከዚህ ልዩነት ነው። ዲሲ ውስጥ የቤት ኪራይ የማይሸፍን ገቢ አዲስ አበባ ላይ ደህና ኑሮ ያኖራል።

ይህን ልዩነት የሚያየው ግን ተጓዡ ብቻ አይደለም። ቦሌ ተቀምጦ የሜሪላንድን ሆስፒታል ማገልገል ከተቻለ፣ ኤጀንሲው ትኬት ቆርጦ የመጣውን ሰው በ60 ሳንቲም የሚያሠራበት ምክንያት የለውም። እንግሊዝኛው የተሳካለት፣ ቤቱም ኑሮውም አዲስ አበባ የሆነ ወጣት በግማሹ ይሠራል፤ ደስ ብሎትም ይሠራል። እስካሁን ይህ በሰፊው እንዳይሆን ከሚያግዱት ነገሮች አንዱ ብዙ አስተርጓሚዎች ሳያነቡ የሚፈርሙት የውል አንቀጽ ነው። በርካታ የመንግሥትና የሆስፒታል ውሎች የታካሚ መረጃ ከአሜሪካ ውጭ እንዳይሰማና እንዳይከፈት ይከለክላሉ፤ ኤጀንሲዎችም ጥሪ የሚቀበለው ሰው የት እንዳለ ከኢንተርኔት አድራሻው ይከታተላሉ። ይህን በቪፒኤን ለማለፍ የሚሞክር አለ። ከተደረሰበት የሚያጣው የአንድ ወር ገቢ ሳይሆን ከኤጀንሲው ጋር የመሠረተውን የሥራ ግንኙነት ነው። እኔ እንደማየው፣ ተጓዡን የሚያማርረው ይኸው አንቀጽ የዲሲን ዋጋ ከአዲስ አበባ ዋጋ የለየ አጥር ነው። አንቀጹ ይነሳ ብሎ የሚሟገት አስተርጓሚ በገዛ ዋጋው ላይ ነው የሚሟገተው።

ውሉ የማይከለክለው፣ ለምሳሌ የግል ድርጅቶችን ብቻ የሚያገለግል ሰው ቢሆንስ? በጥር ወር በሁለቱ ከተሞች መካከል የስምንት ሰዓት ልዩነት አለ። የዲሲ የሥራ ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል። እንግዳ የሚጎርፍበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ አክስት ሳታንኳኳ «ልጄ፣ እህል ቅመስ እንጂ» እያለች በሩን የምትከፍትበት ሰዓት ነው። የሰው ምስጢር የሚሰማ አስተርጓሚ የተዘጋ ክፍል ስለሚያስፈልገው የሆቴል ወጪ ሒሳቡ ውስጥ ይገባል። ኢንተርኔቱም አለ፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ከመስመር ውጭ ነበረች። በመስመር የሚተዳደር ሰው እንዲህ ያለውን ቀን የሚያሻግር መጠባበቂያ ገንዘብ ይዞ መሄድ ይኖርበታል። በተለይ ኤጀንሲው የሠራበትን ከ30 እስከ 60 ቀን ቆይቶ የሚከፍል ከሆነ።

ታክሱ ላይ ብዙ የተሳሳተ ወሬ ይወራል። ዘመድ ጋ ሰንብቶ በማታ ጥቂት ጥሪ መቀበል ትኬቱን የሥራ ወጪ አያደርገውም፤ የአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት የሚያየው የጉዞው ዋና ዓላማ ምን እንደነበረ ነው። ቋሚ ቤትና ቋሚ የሥራ ቦታ ሳይኖረው ከአገር አገር የሚዞር ደግሞ የባሰ ነው፤ ሕጉ ቤቱን እሱ ባለበት ሁሉ ስለሚቆጥረው «ከቤቴ ርቄ ያወጣሁት» ብሎ የሚቀንሰው የጉዞ ወጪ አይኖረውም። በአስራ ሁለት ወር ውስጥ 330 ሙሉ ቀን ውጭ የቆየና የሥራ መኖሪያውን እዚያው ያደረገ ሰው ለ2025 እስከ 130,000 ዶላር ያለውን የሥራ ገቢ ከፌዴራል የገቢ ታክስ ነጻ ማድረግ ይችላል። ያቺ 15.3 በመቶ ግን አትነሳም። ኢትዮጵያና አሜሪካ በሶሻል ሴኩሪቲ ላይ የጋራ ስምምነት ስለሌላቸው የምታስቀር ሌላ ሕግም የለችም። በኢትዮጵያ በኩል በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ የቆየ ሰው በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነዋሪ ይሆናል፤ ነዋሪ ከውጭ ባገኘው ገቢም ይጠየቃል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ያለ ሥራ ፈቃድ ለመሥራት ይጠቅማል፤ ከግብር ግን አያድንም።

የስብሰባ አስተርጓሚዎች ይህን የቦታ ጉዳይ ሳይደብቁ ዋጋ ውስጥ ካስገቡት ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1953 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የስብሰባ አስተርጓሚዎች ማኅበር እያንዳንዱ አባል አንድ የሥራ መኖሪያ ከተማ እንዲያስመዘግብ ይጠይቃል። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ በመሆኗ በተለይ ለእንግሊዝኛና ለፈረንሳይኛ አስተርጓሚዎች ትልቅ ገበያ ናት። ከናይሮቢ የተጠራው ትኬትና አበል ሲታሰብለት፣ መኖሪያውን አዲስ አበባ ያስመዘገበው የሚያገኘው የቀን ክፍያውን ብቻ ነው። ቀጣሪው ወጪ ለመቀነስ በቅድሚያ የሚደውለው ግን ለአዲስ አበባው ነው። አበሉን አይቶ መኖሪያውን ናይሮቢ ያስመዘገበ ሰው የአዲስ አበባን ሥራ የሚያገኘው የከተማው አስተርጓሚዎች ሲያልቁ ነው፤ ካልሆነም በራሱ ትኬት መጥቶ እንደ ከተማው ሰው ያለ አበል ለመሥራት ሲስማማ።