ከ«ሰማን» ወደ «እንጠይቅ»፦ ኢያሱ 22 እና የምእመናን የፖለቲካ ውይይት በበይነ መረብ

ብዙ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የቴሌግራም ግሩፖች «እዚህ ፖለቲካ አይወራም» የሚል ደንብ አላቸው። የደንቡ መነሻ መልካም ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ተጀምሮ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት በተፈረመበት ጦርነት ወቅት፣ በአንድ ጉባኤ የሚያመልኩ ምእመናን የተለያየ ሐዘን ያዝኑ ነበር። መጋቢው መንጋው እንዳይበተን ቢፈራ አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ደንቡ ፖለቲካን ከግሩፑ አያስወጣም። «ለዚህች ከተማ ጸልዩ» የሚል መልእክት ሲለጠፍ፣ የትኛው ከተማ እንደ ተጠራና የትኛው እንደ ተዘለለ ሁሉም ያስተውላል። ክርክሩም አይቆምም፤ ሰዎች ከሚስማሟቸው ጋር ብቻ ወደሚያወሩባቸው ትንንሽ ግሩፖች ይሸሻል። በዚያ የሚጠይቅ የለም፤ እረኛም የለም። ስለዚህ የአገልጋዩ ጥያቄ «ይወራ ወይስ አይወራ?» ሳይሆን «ስለሌላው ስናወራ እንዴት ያለ ምስክር እንሁን?» የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ በኢያሱ 22 ላይ ተመሥርቶ ለጥያቄው መልስ ለመስጠት ይሞክራል።

ወሬ ጦር ሲያሰልፍ

የሮቤልና የጋድ ነገዶች፣ የምናሴም ነገድ እኩሌታ፣ ከዮርዳኖስ ማዶ ወዳለው ርስታቸው ሲመለሱ በወንዙ አጠገብ ታላቅ መሠዊያ ሠሩ። የቀሩት ነገዶች ስለ መሠዊያው ሰሙ፤ ወዲያውም ሊወጓቸው በሴሎ ተሰበሰቡ (ቁ. 11–12)። ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም። ዘዳግም 12 መሥዋዕት እግዚአብሔር በመረጠው ስፍራ ብቻ እንዲቀርብ ያዝዛል፤ ሁለተኛ መሠዊያ ማለት ክህደት ማለት ሊሆን ይችላል። የተሰለፉት ስለ እውነት የሚቀኑ ሰዎች ነበሩ። ክፍሉ ለእኛ የሚከብደውም በዚህ ምክንያት ነው፦ ትክክለኛ ቅንዓት በወሬ ላይ ተመሥርቶ ወንድምን ሊገድል ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ሰይፍ ከመመዘዙ በፊት ግን ካህኑ ፊንሐስና ዐሥር አለቆች ተላኩ። ፊንሐስ በዘኍልቍ 25 ጦር አንሥቶ ኃጢአትን የቀጣው ሰው ነው። ለዘብተኛ ነው ብሎ የሚያማው አይኖርም። ይህ ሰው ሊጠይቅ መሄዱ፣ መጠየቅ የእምነት ድካም አለመሆኑን ያሳያል።

መልእክተኞቹ ያደረጉት

አንደኛ፣ ክሱን ለተከሳሾቹ ራሳቸው ነገሯቸው (ቁ. 15–18)። ገለዓድ ድረስ ሄደው፣ የፌጎርንና የአካንን በደል ጠቅሰው፣ ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ። ጨዋነት ማለት ነገርን ማድበስበስ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ከክሱ ጋር የራሳቸውን መሬት አቀረቡ። ርስታችሁ ንጹሕ ካልሆነ ወደ እኛ ተሻግራችሁ ተካፈሉ አሏቸው (ቁ. 19)። ወንድሙን የሚወቅስ ሰው ለወንድሙ ሲል ምን ለማጣት ዝግጁ እንደ ሆነ በዚህ ይታወቃል።

ሦስተኛ፣ መልሱን እስከ መጨረሻው ሰሙ (ቁ. 21–29)። መሠዊያው ለመሥዋዕት አልተሠራም ነበር። የምሥራቅ ነገዶች የፈሩት፣ አንድ ቀን የምዕራቦቹ ልጆች «ዮርዳኖስ ድንበር ነው፤ በእግዚአብሔር ዘንድ ድርሻ የላችሁም» በሚል ሐሳብ ልጆቻቸውን እንዳይገፏቸው ነው። ከማዶ ሲታይ መገንጠል የመሰለው ነገር የመገለል ፍርሃት ነበር። ይህን ሳይጠይቁ ማወቅ አይቻልም ነበር።

አራተኛ፣ ተመልሰው ለሕዝቡ ነገሩ (ቁ. 32–33)። ወሬው የደረሰበት ጉባኤ ማስተካከያውንም ሰማ፤ የጦርነቱም ነገር ቀረ።

መሠዊያው «ምስክር» ተባለ (ቁ. 34)። ስሙ በሐሰት አትመስክር የሚለውን ትእዛዝ ያስታውሰናል። ማርቲን ሉተር በ1529 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ትንሹ ካቴኪዝም ይህን ትእዛዝ ሲያብራራ፣ በባልንጀራ ላይ አለመዋሸት ብቻውን አይበቃም፤ ስለ እርሱ መከራከርና ያደረገውን በበጎ መተርጎምም ይገባል ይላል። የዌስትሚኒስተር ትልቁ ካቴኪዝምም ስለ ሰው የሚነገር ክፉ ወሬን ለመቀበል አለመቸኮልን ከትእዛዙ ግዴታዎች ይቆጥረዋል።

በበይነ መረብ ዮርዳኖስ ይሰፋል

በጽሑፍ የሚደረግ ክርክር የድምፅ ቃናና የፊት ገጽታ የለውም፤ ተመልካች ግን አለው። ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ መቶዎች ያያሉ፤ ስለዚህ መመለስ ሽንፈት ይመስላል። ፎርዋርድ የተደረገ መልእክት የመጀመሪያ ተናጋሪው ይጠፋል፤ ዋትስአፕ 5 እና ከዚያ በላይ ጊዜ ከቻት ወደ ቻት የተላለፈን መልእክት ለይቶ ምልክት የሚያደርግበት ለዚህ ነው። በአዲስ አበባና በዋሽንግተን ዲሲ መካከል እንደ ወቅቱ የ7 ወይም የ8 ሰዓት ልዩነት አለ። አንዱ ተኝቶ ሳለ ክሱ ይከመራል፤ ሲነቃም የሚጠብቀው ጥያቄ ሳይሆን ፍርድ ነው።

ለግሩፑ የሚሆን ሥርዓት

የምስክርነት ደንብ፦ ፎርዋርድ የሚያደርግ ሰው መልእክቱ ከማን እንደ መጣና እርሱ ራሱ ስለ እውነትነቱ ምን እንደሚያውቅ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጨምር። የማያውቅ ከሆነ አያስተላልፍ።

የማዳመጥ ደንብ፦ ከመቃወም በፊት የሌላውን ሐሳብ «አዎ፣ ያልሁት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ መልሶ መናገር። ምሳሌ 18፥13 ሳይሰሙ መመለስን ስንፍና ይለዋል።

የስም ደንብ፦ ድርጊትንና አድራጊን መውቀስ ይቻላል፤ «እነሱ» ብሎ አንድን ሕዝብ በጅምላ መክሰስ ግን አይቻልም።

የስልክ ደንብ፦ ሁለት ሰዎች ሁለት ጊዜ ተመላልሰው ካልተግባቡ በስልክ ወይም በአካል ይነጋገሩ። ማቴዎስ 18፥15 የሚጀምረው ከሁለቱ ብቻ ነው። የተሳሳተ መረጃ ግን በተለጠፈበት ግሩፕ ውስጥ ይታረም።

የአድሚን ደንብ፦ ኃላፊነቱ በአንድ ሰው፣ በተለይም በመጋቢው ብቻ፣ አይሁን። በሐዋርያት ሥራ 6 የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ባጉረመረሙ ጊዜ የተመረጡት ሰባቱ የግሪክ ስም ያላቸው ናቸው፤ ቅር የተሰኘው ወገን በአገልግሎቱ ውስጥ ራሱን እንዲያይ ሆነ። ከተለያየ ወገን የመጡና የታመኑ ሁለት ወይም ሦስት አድሚኖች ይመረጡ። ክርክር ሲግል፣ ቴሌግራም አባላት ከአንዱ መልእክት እስከ ሌላው እስከ 1 ሰዓት ድረስ እንዲቆዩ የማድረግ አማራጭ አለው። ያዕቆብ 1፥19 ለመናገር የዘገየ ሁን ለሚለው ይህ ትንሽ እገዛ ነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች

የመጀመሪያው፦ ጥቃትን መጥራት ወይም ሰውን ከሰውነት ዝቅ በሚያደርግ ስም መጥራት ለውይይት የሚቀርብ አስተያየት አይደለም። አድሚኑ ያጠፋዋል፤ ሽማግሌዎችም ሰውየውን ያነጋግሩታል። በሀገራችን ሕግም አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ይከለክላል። በአንጻሩ ዘመዱን ያጣ ሰው ሐዘኑን ሲናገር «ፖለቲካ አታውራ» ሊባል አይገባም። እርሱ እየመሰከረ ነው። ሥርዓት የተገፋውን ዝም ማሰኛ ከሆነ ራሱ የሐሰት ምስክር ይሆናል።

ሁለተኛው፦ መጠየቅ ሁልጊዜ ሰላምን አያመጣም። በመሳፍንት 20 እስራኤል ስለ ጊብዓ በደል ወደ ብንያም መልእክተኞች ላኩ፤ ብንያም ግን ሊሰማ እንቢ አለ፤ እልቂትም ሆነ። በዚያም ጊዜ በታቦቱ ፊት የቆመው ፊንሐስ ነበር (ቁ. 28)። መልሱ ክሱን የሚያጸናበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን በደልን በደል ማለት አለባት። ይሁን እንጂ በመሳፍንት 20ም ሆነ በኢያሱ 22 ጥያቄው ከሰይፍ ይቀድማል። የተሳሳተ ወሬ ከእውነተኛ በደል የሚለየው በዚያ ብቻ ነው።

እንግዲህ አገልጋዮች «ፖለቲካ አይወራም» የሚለውን ደንብ ከማደሳቸው በፊት ኢያሱ 22ን ከአድሚኖቻቸውና ከሽማግሌዎቻቸው ጋር አብረው ያንብቡ። ከዚያም በግሩፓቸው ውስጥ በቅርቡ ከተላለፉት ክሶች አንዱን ወስደው ይጠይቁ፦ ከእኛ መካከል ተከሳሹን ያነጋገረ ማን ነው? የሄደ ከሌለ ማን ይሂድ?