ኮምፒዩተር የሚያውቀውን ማተሚያ ደጋግሞ ስለ መጠየቁ

የቤት ኮምፒዩተር በተከፈተ ቍጥር «አዲስ መሣሪያ ተገኝቷል፤ ይጫን» የሚል ጥያቄ በስክሪኑ ላይ እያወጣ የሚያስቸግራቸው መምህራን ጥቂቶች አይደሉም። ፕሪንተር የሚባለው ማተሚያ ግን አዲስ አይደለም፤ ባለፈው ሳምንት ወረቀት ያተመው ያው ነው። ብዙ ሰው ጥያቄውን ሰርዞ ያልፋል፤ በማግሥቱም ያው ጥያቄ ይመለሳል። እንዲህ ሲሆን ሰንብቶ የፈተናው ዋዜማ በደረሰ ጊዜ ማተሚያው ጨርሶ እንቢ ይላል፤ ያን ጊዜም ባለቤቱ «ተበላሸ» ብሎ ደኅናውን መሣሪያ ይጥላል።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ማተሚያን የሚያሠራው ድራይቨር በሚባል የትእዛዝ ጽሑፍ ነው። ዊንዶውስ የሚባለው ሥርዓት ደግሞ በገመድ የገባውን መሣሪያ ሁሉ እንደ አጋፋሪ «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱንም ከመዝገቡ ጋራ ያስተያያል። መዝገቡ የተሟላ እንደ ሆነ ዝም ብሎ ያስገባዋል፤ የጐደለ እንደ ሆነ ግን የቤቱን ጌታ ይጠይቃል። ጥያቄውን መሰረዝ እንግዳውን ከደጅ ማቆም እንጂ ስሙን መመዝገብ ስላይደለ፥ አጋፋሪው ነገም ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

መዝገቡ የሚጐድልበት ምክንያት ልዩ ልዩ ነው። ድራይቨሩ ሲጫን መብራት ቢጠፋ ሥራው በእንጥልጥል ይቀራል። ኮምፒዩተሩን የከፈተው ሰው የአድሚኒስትሬተር ሥልጣን ባይኖረው መጫኑ አይፈጸምለትም። ማተምንና ስካነርን አንድ ላይ የያዘ መሣሪያም አለ፤ ለማተሚያው ድራይቨር ተጭኖለት ለስካነሩ ካልተጫነለት፥ የሚጠየቀው ስለ ማተሚያው ሳይሆን ስለ ስካነሩ ነው። ስለዚህ በጥያቄው ውስጥ የተጻፈውን ስም አስቀድሞ ማንበብ ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ሰው የማይጠረጥረው የቀዳዳው ነገር ነው። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1996 በወጣው በዩኤስቢ ማገናኛ የሚሠሩ ብዙ መሣሪያዎች እንደ ክርስትና ስም የየራሳቸው መለያ ቍጥር አላቸው፤ ዊንዶውስም በየትኛውም ቀዳዳ ቢገቡ በዚያ ያውቃቸዋል። አንዳንዱ ማተሚያ ግን ይህ ቍጥር የለውም። እንዲህ ያለውን ዊንዶውስ የሚለየው በገባበት በር ነው፤ ትናንት በግራ በኩል ተሰክቶ የነበረው ዛሬ በቀኝ ቢሰካ እንደ ሌላ ሰው ይቈጥረዋል። በዝርዝሩም ላይ አንዱ ማተሚያ ሁለት ስም ያወጣል፤ የሁለተኛውም ስም «ኮፒ 1» የሚል ቅጥያ ሊኖረው ይችላል። ከዚህ በኋላ የፈተናው ጽሑፍ በፊተኛው ስም ተሰልፎ ሲጠብቅ፥ ማተሚያው በሁለተኛው ስም ተመዝግቦ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

እንግዲህ መጀመሪያ ገመዱን ወደ ቀድሞው ቀዳዳ መልሱ። በዚህ ካላለቀ የጐደለውን መዝገብ መፋቅ ግድ ነው፤ በብራና ላይ የሚጽፍ ሰው የተሳሳተውን ፊደል ሳይፍቅ በላዩ ቢጽፍበት ሁለቱም አይነበቡም። በአድሚኒስትሬተር ሥልጣን ገብታችሁ የተሰለፉትን ጽሑፎች ሰርዙ፤ በ«ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ ብጫ ምልክት ያለበትን የማተሚያውን ስም «አንኢንስቶል» በሚለው አስወግዱ፤ ከማተሚያዎች ዝርዝር ስሙንና ቅጂውን፥ ከፕሮግራሞችም የድሮውን ድራይቨር አጥፉ። ከዚያ ገመዱን ነቅላችሁ ኮምፒዩተሩን ዘግታችሁ ክፈቱ።

አዲሱ ድራይቨር ከማተሚያው ሠሪ የተገኘና ለዚያው ለዊንዶውስ ዓይነት የተዘጋጀ ይሁን፤ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2001 ለወጣው ለኤክስፒ የተሠራው ለዛሬው ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ አይስማማም። ሲጫንም ፕሮግራሙ «አሁን ሰኩ» እስኪል ድረስ ገመዱ አይሰካ፤ በችኰላ አስቀድሞ መሰካት የብዙ ሰው ስሕተት ነው። በመጨረሻ አንድ ገጽ አትሙ፤ ኮምፒዩተሩንም ዘግታችሁ በማግሥቱ በዚያው ቀዳዳ እንደ ተሰካ ክፈቱት፤ ጥያቄው ካልወጣ መዝገቡ ሞልቷል።