በመኪና ለሚጓዝ ሰው ስለ መንገድ መሪ መሣሪያ አመራረጥ
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ለመንግሥት ሥራ ወደ ወረዳ የሚላክ ሠራተኛ ከሚያጋጥሙት ችግሮች አንዱ መንገዱን አለማወቅ ነው። ነጂው አዲስ፣ ተጓዡም እንግዳ፣ የተላከበት ቀበሌ ደግሞ ከአውራ ጎዳናው የራቀ በሆነ ጊዜ፣ ሁለቱም የሚተማመኑት በመንገድ ዳር በሚያገኙት ሰው ነው። በአሁኑ ዘመን ግን በመዳፍ የሚያዝ ወይም በመኪና የፊት መስተዋት ላይ የሚለጠፍ፣ በተለምዶ ጂ.ፒ.ኤስ. የሚባል መሣሪያ በገበያ ስለሚገኝ፣ «የትኛውን ልግዛ?» እያሉ የሚጠይቁ ሰዎች በርክተዋል። ይህን ጥያቄ ለመመለስ ወረታንና የፎገራን ሜዳ ምሳሌ አድርገን መርጠናል። አንድ መሣሪያ የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ ለማየት ከዚህ የተሻለ ስፍራ በቀላሉ አይገኝምና።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ በደርግ ዘመን በቻይና ርዳታ የተሠራውና ወደ ደብረ ታቦር አልፎ እስከ ወልዲያ የሚደርሰው መንገድም የሚገነጠለው ከዚህችው ከተማ ነው። ከከተማዋ በስተምዕራብ እስከ ጣና ሐይቅ ድረስ የተዘረጋው ሜዳ በሩዙና በከብቱ የታወቀ ነው። ጉማራና ርብ የተባሉት ወንዞች ከምሥራቁ ደጋ ወርደው በዚሁ ሜዳ በኩል ወደ ሐይቁ ይገባሉ። በክረምት ወንዞቹ ሞልተው ሲፈሱ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቤቱ እንዳፈናቀለ የምናስታውሰው ነው።

አስቀድመን መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ እንመልከት። አሜሪካኖች ያቆሙት የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይዞራሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት ሰዓቱንና ያለበትን ቦታ ሳያቋርጥ ይናገራል። በመኪናችን ውስጥ ያለው መሣሪያ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ይህን ምልክት አድምጦ፣ ምልክቱ ለመድረስ የወሰደበትን ጊዜ በመለካት ርቀቱን ማስላት ነው። የብርሃን ፍጥነት በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ በአንድ ሚሊዮንኛ ሴኮንድ የተሳሳተ ሰዓት የ300 ሜትር ስሕተት ያመጣል። የመሣሪያው ሰዓት ግን ርካሽ ነው። ስለዚህ ቦታውን ለማወቅ ከሚያስፈልጉት ሦስት ሳተላይቶች ሌላ፣ ሰዓቱን የሚያርምበት አራተኛ ሳተላይት ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. እስከ 2000 ድረስ አሜሪካኖች ለሲቪሉ ሕዝብ የሚሰጠውን ምልክት ሆን ብለው ያዛቡት ነበር፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር መጀመሪያ ይህ ስለ ቀረ፣ መቶ ሜትር ይደርስ የነበረው ስሕተት ወደ ጥቂት ሜትሮች ወርዷል። ዛሬ የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዶ ስለ ተጨመሩ፣ ከአንድ በላይ የሆኑትን መስማት የሚችል መሣሪያ መግዛት ይመረጣል።

ይሁን እንጂ በፎገራ ሜዳ ላይ ሳተላይት አጥቶ የተቸገረ ሰው የለም። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ገላጣ ነው፤ ተራራም ሆነ ፎቅ አይጋርደውም። ስለዚህ ነጋዴው «ይህኛው ብዙ ሳተላይት ይይዛል» እያለ የሚያሞግሰው ነገር ጥቅም ቢኖረውም፣ ዋናው ጉዳይ እርሱ አይደለም። ዋናው ጉዳይ ካርታው ነው። ሳተላይቱ የሚነግረን የቆምንበትን ቦታ ብቻ ነው። መንገዱ የት እንዳለ የሚነግረን በመሣሪያው ውስጥ የተቀመጠው ካርታ ሲሆን፣ ያንን ካርታ የሠራው ሰው ወረታን አይቶት ሊሆንም ላይሆንም ይችላል።

በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ በስጦታ የላከውን መሣሪያ ደስ ብሎት በመኪናው የሰቀለ ሰው ይህን ፈጥኖ ይረዳዋል። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚመጣው የአውሮፓን ካርታ ነው። የበርሊንን ጠባብ መንገዶች አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ ወረታ ላይ ሲበራ ግን መኪናይቱን በባዶ ነጭ ገጽ መካከል ያቆማታል። ስለዚህ ገዢው ከሁሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው፣ መሣሪያው የኢትዮጵያ ካርታ አለውን? ከሌለውስ ሊጨመርበት ይችላልን? የሚለውን ነው። ለምሳሌ ለጋርሚን መሣሪያዎች ትራክስ ፎር አፍሪካ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ድርጅት የአፍሪካን ካርታ አዘጋጅቶ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር የተጀመረውና በፈቃደኞች የሚሠራው ኦፕን ስትሪት ማፕ ደግሞ በነጻ የሚገኝ ሲሆን፣ ሰው በረዳበት ስፍራ ዝርዝሩ የሚያስደንቅ፣ ማንም ባልነካው ስፍራ ግን ባዶ ነው። ካርታ የማይጨመርበት መሣሪያ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ አይገዛ።

ካርታው ተሟልቶም ነገሩ አያበቃም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር ይህን የምነግራችሁ ሰው ከአንድ መሥሪያ ቤት ነጂ ጋር ከወረታ በስተምዕራብ ወዳለ ቀበሌ ተጉዞ ነበር። በመኪናው ውስጥ በበረዶ ሣጥን የታሸገ የሕፃናት ክትባት ነበረ። መሣሪያው «አጭሩን መንገድ» እንዲመርጥ ተደርጎ ስለ ነበረ፣ ከአስፋልቱ ወጥተን በሩዝ ማሳዎች መካከል እንድንገባ አዘዘን። ጥቂት እንደ ሄድን ከብት የሚነዱ አንድ ሽማግሌ አገኘንና ነጂው፣

«አባቴ፣ ይህ መንገድ ያሳልፋል?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ያሳልፋል ልጄ፤ በሚያዝያ» አሉት።

ነጂው ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ። መሣሪያው በቀይ መስመር ቁልጭ አድርጎ ያሳየንን መንገድ ሽማግሌው የካዱት መሰለን። ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ መኪናይቱ ጥቁሩ መረሬ ውስጥ እስከ ጎማዋ እኩሌታ ሰጠመች። የአካባቢው ገበሬዎች ገመድ አምጥተው በብዙ ድካም ያወጡን ከመሸ በኋላ ነው። በረዶው ቀልጦ ስለ ነበረ ክትባቱ ለሥራ ሳይውል ቀረ። ሕፃናቱን አዝለው ከጧት ጀምሮ ሲጠብቁ የዋሉት እናቶችም እንዲሁ ወደየቤታቸው ተመለሱ።

መሣሪያው አልዋሸም። መንገዱ አለ፤ በበጋ ጭነት መኪና ሳይቀር ይመላለስበታል። ነገር ግን መሣሪያው ወር አያውቅም። ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ምን እንደሚሆን፣ ርብ ዛሬ ከዳርቻው ወጥቶ እንደ ሆነ፣ ወይም መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ተዘግቶ እንደ ሆነ የሚነግረው የለም። ስለዚህ ስትገዙ፣ አስፋልት ያልሆነውን መንገድ እንዲተው ለማዘዝ የሚቻልበት፣ ከ«አጭር» ይልቅ «ፈጣን» የሚለውን ለመምረጥ የሚፈቅድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሄዳችሁበትን መንገድ መዝግቦ የሚያቆይ መሣሪያ ምረጡ። ይህ የመጨረሻው ጠባይ በሱቅ ውስጥ ብዙም አይወራለትም። እንደ እኔ አስተያየት ግን ለመንግሥት ሠራተኛ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። በደኅና የገባችሁበትን መንገድ መዝግቦ ከያዘ፣ በመጣችሁበት መውጣት ትችላላችሁና። የአንድ መሥሪያ ቤት ነጂዎች በየወቅቱ የሄዱባቸውን መንገዶች እየመዘገቡ ቢለዋወጡ ደግሞ፣ ከሱቅ የማይገኝ ካርታ በእጃቸው ይገባል።

ሁለተኛው የስሕተት ምንጭ የቁጥር አጻጻፍ ነው። ወረታ በሰሜን ኬክሮስ 11 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 37 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ላይ ትገኛለች። ብዙ ሰው ይህን ይዞ በመሣሪያው ላይ 11.55 እና 37.42 ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ እንጂ 100 ስላልሆነ፣ 55 ደቂቃ በአሥርዮሽ ሲጻፍ 11.92 ያህል፣ 42 ደቂቃም 37.70 ነው። በስሕተት የተጻፈውን ተከትሎ የሚሄድ ሰው ከወረታ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በባሕር ዳር አጠገብ ይገኛል። ስለዚህ መሣሪያው በየትኛው አጻጻፍ እንደሚቀበል ማወቅ፣ በደብዳቤ የተላከልንም ቁጥር በየትኛው እንደ ተጻፈ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የድሮ ካርታ ለያዙ ሰዎችም አንድ ማሳሰቢያ አለን። ቀደም ባሉት ዓመታት በአገራችን የታተሙት 1 ለ 50,000 የሆኑ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው፣ በሱዳንና በግብጽ ወሰን አካባቢ ባለ የልኬት መነሻ ነው። መሣሪያዎቹ ግን ደብሊው.ጂ.ኤስ. 84 በሚባለው ይሠራሉ። በሁለቱ መካከል በእኛ አገር ከመቶ ሜትር በላይ ልዩነት ይታያል። ለመኪና ጉዞ ይህ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ የውሃ ጉድጓድ ወይም የወሰን ድንጋይ ለሚፈልግ ሠራተኛ ግን ቀላል አይደለም። ሁለቱንም መነሻዎች ማንበብ የሚችል መሣሪያ ይምረጥ።

የስም ነገርም አለ። የአገራችን ከተሞች ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ መልኩ ብዙ ነው። ወረታን አንዱ ካርታ «ዎሬታ»፣ ሌላው «ዌሬታ»፣ ሦስተኛው «ዌሮታ» ብሎ ይጽፋታል። ከወረታ በስተሰሜን ወዳለችው አዲስ ዘመን ለመሄድ «አዲስ» ብሎ የጀመረ ሰውም አዲስ አበባ ቢቀርብለት አይገረም። (ከተማይቱ የጋዜጣ ስም መሆኗንም መሣሪያው አያውቅም።) መድረሻ ሰዓቱንም በጥንቃቄ አንብቡ፤ 15፡40 ሲል በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9፡40 ማለቱ ነው። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ያለውን ዳገት፣ ከብቱንና ባጃጁን ስለማይቆጥር፣ በሰጣችሁ ሰዓት ላይ ጨምሩበት።

ስለ አካሉ ብዙ አንልም። ገጹ በቀትር ፀሐይ የሚነበብ ይሁን፤ ይህን ለማወቅ ከሱቁ ደጅ ወጥቶ ማየት ይበቃል። በመኪናው የሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰካ ገመድ ይኑረው፤ ከመኪና ወርዶ በእግር ለሚሄድ ሰው ደግሞ በተራ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራው በእጅ የሚያዘው ዓይነት ይሻለዋል። ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የጉምሩክን ደንብ ይጠይቅ።

«ስልኬ ይህን ሁሉ ይሠራ የለም ወይ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። አዎን፣ ይሠራል። የስልክ መረብ በሌለበት ስፍራም የሳተላይቱ ምልክት አይቋረጥም፤ የሚቋረጠው ከመረቡ የሚወርደው ካርታ ነው። ስለዚህ እንደ ኦስም አንድ ወይም ኦርጋኒክ ማፕስ ያሉትን ካርታቸው በስልኩ ውስጥ የሚቀመጥ ፕሮግራሞች ከተማ ሳሉ ማውረድ ይገባል። ስልክ በፀሐይ ይግላል፣ ባትሪውም ፈጥኖ ያልቃል፣ በመካከልም ሰው ይደውልበታል። በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ወደ ገጠር ለሚወጣ ሠራተኛ ግን ስልኩ ይበቃዋል፤ ሌላ መሣሪያ እንዲገዛ አንመክረውም። በየሳምንቱ መስክ የሚወጣው ነው ለብቻው የተሠራውን መግዛት ያለበት።

ለመግዛት የቆረጠ ሰው ከመክፈሉ በፊት መሣሪያውን ይዞ ወደ ደጅ ይውጣ፤ አብርቶም ጥቂት ደቂቃ ይታገሥ፤ ከሩቅ አገር የመጣ መሣሪያ ሰማዩን እስኪያውቅ ጊዜ ይወስድበታልና። ከዚያም ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታ በኩል ወደ ደብረ ታቦር እንዲመራው ይዘዘው። መሣሪያው በወረታ መገንጠያ ላይ ወደ ቀኝ ካዞረው ጥሩ ነው። ወረታን የማያውቃት ከሆነ፣ ወይም በሜዳው መካከል አጭር መንገድ አገኘሁ ካለ፣ መሣሪያውን ለባለሱቁ መልሶ ሌላ ያሳየው ዘንድ ይጠይቅ።